የጎመንሽ ጠላትና የቀኝ ትከሻዬ

አስኩዬ፣

ትናንት ከተለየሽን ሁለት ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትሽን አወጣን። ሰው መጣ፣ ጸሎት ደረሰ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፤ አንቺ እንደምትወጂው ማንም ሳይቸኩል ተጫውቶ ሄደ። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ዕቃውን አጣጥቤ፣ የተዋስነውን ወንበር ወደ ጋራዡ አስገብቼ፣ ይኸው ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ። ነገ የነቢያት ጾም ይገባል። ድስቱ ውስጥ ለሁለት ሰው የምትበቃ ጥብስ ቀርታለች፣ የዛሬ ራታችን ናት። የምን ሥጋ እንደሆነች ቆይቼ እነግርሻለሁ። አሁን ብነግርሽ አታምኚኝም።

እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፣ ከቀኝ ትከሻዬ በቀር። እሱም ቢሆን ብርድ ሲነካው ነው እንጂ ድኗል። የዚህ ደብዳቤ ነገር ሁሉ የመጣው ከዚያ ትከሻ ነው።

በመጨረሻው ሳምንት ሆስፒታል ሳለሽ የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስለ ቤቱ ዕዳም፣ ስለ ልብስሽም አላነሣሽም። እጄን ይዘሽ «ደምሴ፣ ቤቱን ዝም እንዳታሰኘው» አልሽኝ። እሺ አልሁሽ። እውነቱን ልንገርሽና አልቻልሁበትም። አንቺ ስትሄጂ ለካ በእኔና በልጃችን መካከል ወሬ ስታመላልሺ የኖርሽው አንቺ ነበርሽ። እኔ በጠዋት ስኩል ባሴን ልነዳ ስወጣ ሰሎሜ ከሆስፒታል ተረኛነቷ ትገባለች። እንዴት አደርሽ ስላት «ፋይን»። ቁርስ በላሽ ወይ ስላት «አይም ኦኬ»። የምናገረው ሲጠፋኝ ደግሞ ምክር አመጣሁ። ስለ ጸሎት፣ ስለ ትዳር፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ መኪናዋ ጎማ ሳይቀር። አንዴ ከጀመርሁ ማቆሚያ የለኝም። እሷ ቆማ ታዳምጠኛለች፣ ስጨርስ ወደ ክፍሏ ትወጣለች። ከቀብርሽ ጀምሮ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ሳቅ ቀርቶ በአማርኛ ሦስት ቃል አያይዛ ስትናገር አልሰማኋትም።

የጓሮ አትክልትሽን መጀመሪያው ዓመት ላይ ሳንዘራው ቀረን። አጋዘኖቹ ግን ከጫካው ወጥተው መጡ። በተለይ ያ ጆሮው የተቀደደው፣ አንቺ «ጥጋበኛው» የምትዪው፣ አጥሩ ጋ ቆሞ ባዶውን መሬት ሲያይ ያሳዝን ነበር። አንድ ጎመን ሳትተርፍልሽ የቀረችበት ዓመት ትዝ ይልሻል? በነጠላ ጫማ ያባረርሽው፣ ሰው በነገረሽ ምክር ሳሙና በገመድ ያንጠለጠልሽለት፣ እሱም ሳሙናውን አሽትቶ ጎመኑን የበላብሽ? «አንድ ቀን ድስት ውስጥ አገኝሃለሁ» ስትዪው ጎረቤታችን ካርል በአጥር በኩል ይስቅ ነበር። አንቺም ካርልን አትምሪውም ነበር። በጋውን ሁሉ በሚሰቅለው የወፍ ምግብ አጋዘኖቹን ይቀልባቸዋል፣ በጥቅምት ጠመንጃ ይዞባቸው ይወጣል፣ ይኼ ምን ዓይነት ሰው ነው ትዪ ነበር።

ዘንድሮ ሰሎሜ ራሷ አራት መስመር ጎመን ዘራች። እኔ አልጠየቅኋትም። ጥጋበኛው በሁለት ሌሊት ጨረሰው። በማግስቱ ካርል አጥሩ ጋ አገኛት፤ እንዲህ ከሆነማ ዘንድሮ ከእኔ ጋር ነይ፣ ወንድሜ ወደ ሰሜን መሬት አለው ብሎ ለቀልድ ጣል አደረገላት። እሷ ግን ከቁም ነገር ቆጠረችው። ኮርስ ተመዘገበች፣ ፈተና ተፈተነች፣ ፈቃድ አወጣች። ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። አብሬያት እንድሄድ ፈለገች። «አባዬ፣ ብቻዬን መሄድ አልፈልግም» አለች፣ በአማርኛ። እኔ እሺ ያልሁት ስለ አደኑ አስቤ አይደለም። ያቺን አንድ አረፍተ ነገር እንዳላጣት ፈርቼ ነው። ይኼ ነገር ከተበላሸ ወደዚያ ዝምታ እንመለሳለን፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ በር አይከፈትልኝም ብዬ ፈራሁ።

እንግዲህ የእኔን ጉድ ታውቂዋለሽ። እዚህ ቤት በገባንበት ዓመት ለካርል ምን እንዳልሁት። እኛ አገር ወንድ ልጅ ከጠመንጃ ጋር ነው የሚያድገው ብዬው ነበር። አንቺ ቃሪያ እየለቀምሽ ነበር። ቀና ብለሽ አየሽኝ፣ ምንም ሳትዪ ወደ ቤት ገባሽ፣ ሳቅሽ በኩሽናው መስኮት ወጣ። የጉለሌ ልብስ ሰፊ ልጅ ከመቀስ በቀር ምን ይዞ ያውቃል።

ስለዚህ በመስከረም ካርል ወደ ቤዝመንቱ አውርዶኝ ሦስት ጠመንጃ አውጥቶ ሲደረድርልኝ፣ የፈለግኸውን ምረጥ ሲለኝ፣ እንደ አዋቂ ነበር የሚያየኝ። አንደኛው ሁለት አርባ ሦስት የሚሉት ነው፤ ጥይቱ የትንሿ ጣቴን ያህል። ሁለተኛው ሦስት ዜሮ ስምንት። ሦስተኛው ሦስት መቶ ማግነም፤ ጥይቱ የመሐል ጣቴን ያክላል። ቁጥሩ ጥይቱ ጫፍ ላይ ያለው እርሳስ ውፍረት ግምት ነው ብሎ አስረዳኝ። ከትንሹ እስከ ትልቁ ያለው የውፍረት ልዩነት ሁለት የጤፍ ፍሬ ጎን ለጎን ብታስቀምጪ ነው። ልዩነቱ ያለው ከኋላው በሚገፋው ባሩድ ላይ ነው። በትንሹ ሴት ልጁ ልጅ ሳለች ትተኩስበት እንደነበረ ነገረኝ። እዚያ ላይ ልቤ ተዘጋ። የልጅ ጠመንጃ ይዤ ልወጣ ነው?

ከዚያ በፊት ባለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ጉዳዩን አንሥቼው ነበር፤ ምነው ባላነሣሁት። ወንዶቹ ሁሉ አዋቂ ሆኑ። ጋሽ ተፈራን ታውቂያቸዋለሽ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማሩት፣ ከጠመኔ በቀር ምንም ተኩሰው የማያውቁት። ትልቁን ያዝ አሉኝ። በትንሽ ጥይት የተመታ አውሬ ቆስሎ ይሄድና ግፉ በአንተ ላይ ይቀራል አሉ። ግፍ ሲሉኝ ደነገጥሁ። ነፍስ ያለውን ነገር ማሠቃየት ከምንም በላይ ይከብደኛል፣ ታውቂያለሽ። ትዕቢቴም ፍርሃቴም አንድ ላይ ሆነው ማግነሙን አስመረጡኝ። ካርል ጥቂት አየኝና «ኢንተረስቲንግ ቾይስ» አለ። አንቺ ብትኖሪ ወዲያው ይገባሽ ነበር። እዚህ አገር ሰው ኢንተረስቲንግ ካለ ተው ማለቱ ነው። እኔ ምስጋና መሰለኝ።

ሰሎሜ ሥራ ላይ በነበረችበት ቅዳሜ ካርል ወደ ተኩስ መለማመጃው ወሰደኝ። ሦስት ጊዜ ተኮስሁ። በመጀመሪያው ትከሻዬ የሌላ ሰው መሰለኝ። በሁለተኛው ስመ እግዚአብሔር ጠራሁ። በሦስተኛው ምላጩን ከመሳቤ በፊት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲመለስ ላዩ ላይ ያለው ማነጣጠሪያ መነጽር ቅንድቤን ሰነጠቀው። ወረቀቱ ላይ ያለው አጋዘን ምንም አልሆነም። ከሦስታችን የዳነው እሱ ብቻ ነው፣ ካርልም በሁለት እጁ ጆሮውን ይዞ ነበር።

በማግስቱ ነጠላዬን በግራ እጄ ስለብስ ሰሎሜ አየችኝ። ቅንድቤን የቁም ሣጥን በር መታኝ ብያት ነበር። ነርስን መዋሸት ከባድ ነው። ሸሚዜን አስወለቀችኝ። ትከሻዬ እንደ በሰለ ደበርጃን ጠቁሮ ጥቁረቱ ከብብቴ እስከ አንገቴ ደርሷል። በየትኛው ነው የተኮስኸው አለችኝ። ያን ጊዜ ምክር አልመጣልኝም፣ ሰበብም አልመጣልኝም። ሁሉንም ነገርኋት። ማግነሙን፣ ጋሽ ተፈራን፣ ለካርል የነገርሁትን ጉራ፣ የአባቴን መቀስ፣ ዓይኔን መጨፈኔን።

አስኩዬ፣ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ። መሐል ላይ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ አንቺን ጠራች፣ እኔም አጠገቧ ተቀመጥሁ። ከዚያ ቅንድቤን ስታይ እንደገና ሳቀች። ሳቁ የአንቺ ነው። መጨረሻው ላይ እስትንፋስ አጥቶ እንደሚያንቋርር ያው የአንቺ። እንባዋን ጠርጋ «አባዬ፣ ከአጋዘኑ በፊት አንተን የሚመታ ጠመንጃ ምን ያደርግልናል?» አለችኝ። በረዶ ቋጥራ ትከሻዬ ላይ አሰረችልኝ። የዚያን ቀን ምሳ አብረን በላን።

በነጋታው ወደ ካርል ሄጄ ዋሽቼሃለሁ፣ ይኼን ያህል ዓመት አታልዬሃለሁ ብዬ ነገርሁት። ተናዝዤ የመጣሁ ያህል ቀለለኝ። እሱ ግን ቡናውን ፉት እያለ አንቺ የዚያኑ ሳምንት እንደነገርሽው ነገረኝ! ቃሪያ ስትወስጂለት፣ ባሌ የልብስ ሰፊ ልጅ ነው፣ ስለ ጠመንጃ ሲያወራ ዝም ብለህ ስማልኝ ብለሽው ነበር አሉ። እሱም ቃሉን ጠብቆ ስምንት ዓመት ዝም ብሎ ሲሰማኝ ኖረ። አንቺ ሴትዮ፣ ከዚያም ሆነሽ ታሳፍሪኛለሽ።

ከዚያ ካርል ቁጭ አድርጎ በቀስታ አስተማረኝ። አውሬውን የሚጥለው የጥይቱ ትልቅነት አይደለም አለኝ፤ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ከፊት እግሩ ኋላ፣ ሳንባና ልቡ ያለበት፣ የራት ሳህን የምታክል ቦታ። እዚያ ላይ ሁለት አርባ ሦስትም ይበቃል፣ አይሠቃይም። ሌላ ቦታ ላይ ማግነሙም ያቆስለዋል እንጂ አይጥለውም። ሰው የሚፈራውን ጠመንጃ ሲይዝ ደግሞ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ዓይኑን ከጨፈነ ይስታል። ስለዚህ ሳትፈራው የምትይዘውን ምረጥ አለኝ። ይኼን ሲለኝ ሐሳቤ ከአጋዘን ወጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ በልጄ ላይ ያን ሁሉ ምክር ስተኩስ ዓይኔን ጨፍኜ እንደነበር ታየኝ። ትንሽ ቃል በቦታዋ ብትውል ይበቃ ነበር።

ሰሎሜና እኔ በትንሹ ጠመንጃ ተለማመድን። ስትተኩሺባት ትከሻሽን እንደ ወዳጅ መታ ታደርጋለች እንጂ አትጎዳም። ሰሎሜ አምስቱን ጥይት ሳህኑ ውስጥ አስገባች። እኔ ከአምስት ሦስት።

የቀረኝ የሃይማኖቱ ነገር ነበር። የንስሐ አባታችን ዘንድ ደውዬ፣ አባ፣ በጥይት የወደቀ ሥጋ እንዴት ይሆናል ብዬ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ ሥጋው ይጣፍጥ እንደሆነ ነው። ከዚያ ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፣ ንጹሕ ነው አሉ። በነፍስ ሳለ ድረስለት፣ በሥላሴ ስም ባርከህ ደሙን አፍስስ፣ ለጨዋታ ግን አትግደል አሉኝ። የአንቺን ትልቁን ቢላዋ ሳልኋት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ወደ ሰሜን ሄድን። ሰሎሜ ድራይቭ አደረገች። ራት ላይ የካርል ወንድም ቋሊማ ጠብሶ ጠበቀን፤ ጾም መሆኑን ስንነግረው ግራ ገብቶት ባቄላ ከጣሳ ከፈተልን። ሲነጋጋ እኔና ሰሎሜ የእንጨት ማማ ላይ ወጣን። አዎ፣ ማማ፤ ማሽላ የሚጠበቅበትን ዓይነት፣ ጣሪያ ያለው። እኔ ብርቱካንማ ሰደርያ፣ እሷ የሚያብለጨልጭ ሮዝ። ጠመንጃው ለሁለታችን አንድ ነው። መጀመሪያ የመጣው የአባዬ ነው ብላ ወሰነች።

ፀሐይ እንደወጣች መጣ። ከጥዱ መሐል፣ ያለ ኮሽታ፣ እንደ ሐሳብ። ጎኑን ሰጥቶ ቆመ። ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አስተካከልሁ፣ ሳህኑን አየሁት፣ አልፈራሁም። ሁሉም ነገር ትክክል ነበር። ከዚያ ቀኝ እጄን ከምላጩ አነሣሁና በስመ አብ ብዬ አማተብሁ። ከግንባሬ እስከ ሆዴ፣ ከግራ ትከሻዬ እስከ ቀኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደደረሰ ሰው፣ ቀስ ብዬ፣ በዚያ ትልቅ ብርቱካንማ ጓንት። እጄ ወደ ቦታው ሳይመለስ አጋዘኑ ነጭ ጅራቱን እንደ ባንዲራ ሰቅሎ ጫካውን ይዞ ሄደ።

ሰሎሜ ጓንቷን ነክሳ ነበር። ማማው ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። እኔም እሷን ሳይ አልቻልሁም። ሁለት ሰው ማማ ላይ አፉን አፍኖ ሲስቅ፣ ካርል ከወዲያኛው ጫካ ሆኖ ምን እንዳሰበ እንጃ። ሲበርድላት ጆሮዬ ጋ ተጠግታ አንሾካሾከችልኝ።

«አባዬ፣ ከአሁን ወዲያ አንተ ጸልይ፣ እኔ ልተኩስ።»

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሌላ መጣ። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በልቤ ጸለይሁ። ሰሎሜ አልቸኮለችም። ጎኑን እስኪሰጣት ጠበቀች። አንድ ጥይት። ጥቂት እርምጃ ሄዶ ተኛ። ወርጄ ሮጥሁ፣ በዚህ ጉልበቴ። ዓይኑ ገና ያየኝ ነበር አስኩዬ። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አልሁና ቢላዋሽን አሳረፍሁ። ከኋላዬ «አሜን» ሲባል ሰማሁ። ሰሎሜ ናት። እንባዋ ወርዷል። ያኔ ስለ ሕይወትና ስለ ሞት የምናገረው ብዙ መጣልኝ። ዋጥሁት። እጇን ይዤ «እኔም ከብዶኛል» ብቻ አልኋት። ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። በቀኙ ነበር፣ አመመኝ፣ አልተንቀሳቀስሁም።

ትናንት ሙት ዓመትሽ ላይ የቀረበው ጥብስ ይኼ ነው። ሥጋው ስብ የለውም፣ ስለዚህ ቅቤውን አልሳሳሁለትም። ሴቶቹ መጀመሪያ አፍጥጠው አዩት። አባ ባርከው ቀድመው ጎረሱ፣ ደገሙም፣ ከዚያ ሳህን አጣን። ካርል እጁን ታጥቦ ከሰው ጋር በአንድ ትሪ በላ፣ በርበሬው አስለቀሰው። ጋሽ ተፈራ ሥጋውን እያኘኩ፣ እንዲህ ያለውን የሚጥለው ከማግነም በታች እንዳልሆነ ለሰው ሲያስረዱ ሰሎሜ ውሃ እየቀዳችላቸው «በሁለት አርባ ሦስት ነው ጋሽዬ፣ በልጅ ጠመንጃ» አለቻቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ተፈራም ሳቁ፣ ጥቂት ቆይተው ነው እንጂ።

ጥጋበኛው ግን በሕይወት አለ። የበላነው ዘመዱ ቢሆን ነው። ዛሬ ማለዳ ለቅዳሴ ስንነሣ አጥሩ ጋ ቆሞ የደረቀውን የጎመን አገዳ ሲያይ ነበር። ሰሎሜ መስኮቱን በዚያ ብርድ ከፍታ «ሂድ አንተ ጥጋበኛ፣ ድስት ውስጥ አገኝሃለሁ!» ብላ ጮኸችበት። በአንቺ ድምፅ፣ በአንቺ አማርኛ። ጆሮውን ቀሰረ። አወቀሽ መሰለኝ።

በሚያዝያ ጎመንሽን እንዘራለን። አራት መስመር በአጥሩ ውስጥ፣ አንድ መስመር ከአጥሩ ውጭ። ውጭ ያለው የሱ ነው። እየመጣ ይብላ፣ እኛም እንጩህበት፣ በጮህንበት ቁጥር አንቺን እናነሣለን። በየዓመቱ በስምሽ ጸሎት ይደረሳል፣ በየዓመቱም ስለ ቃሪያውና ለካርል ስለ ነገርሽው ይወራል፣ እኔ ብፈልግም ባልፈልግም።

ሰሎሜ ከላይ እየጠራችኝ ነው፣ ጥብሱን አሙቅ ትላለች። ነገ ጾም ነው፣ ምንም አይተርፍም።

አስኩዬ፣ ቤቱ ዝም አላለም።

ደምሴሽ